የተሸናፊው እጅ

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ጨዋታው አልቆመም ነበር።

ሰው የሞተበት ቤት ብዙ አይቷል። ለቅሶ ያለበትን፣ ጩኸት ያለበትን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፍ ላይ ተኮልኩሎ የሚንሾካሾክበትን ያውቃል። እንዲህ ያለው ግን ገጥሞት አያውቅም። በሰፊው አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በየጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። የቼዝ ሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። አንዱ ፈረሱን አንሥቶ አስቀመጠና የሰዓቱን አናት ጫን አደረገ። ከግድግዳው ወዲያ፣ በጎን ክፍሉ ወለል ላይ፣ የክበቡ አንጋፋ ተጫዋች ሞተው ተጋድመዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«የመጨረሻው ዙር ነው» አለው ዳኛው፤ ክራቫቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ረጅም ሰው ነው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ምን እንደተናገረ ለራሱም ሳይሰማው አልቀረም፣ እስከ ጆሮው ቀላ። «ማለቴ... ሰዓት አንዴ ከተነሣ ያለ ደንብ አይቆምም። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ ስለማያውቅ...»

«ያቁሙት።»

ዳኛው እየዞረ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ አቆመ። ወፍራሙ ዳቦ ጋጋሪ «ላሸንፍ ነበር እኮ» ብሎ አጉረመረመና ወዲያው አፉን በመዳፉ ያዘ።

ባልደረቦቹ ኢንስፔክተሩን «ጥድፊያ» ይሉታል። ሲቸኩል ያየው ሰው ስለሌለ ነው ስሙ የወጣለት። አሁንም ሳይቸኩል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ወደ ጎን ክፍሉ ሄደ። በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በሻርፗ ሸፍናቸዋለች። አለፋት።

በክፍሉ በር ላይ «ጸጥታ! ጨዋታ ላይ ነን» የሚል ካርቶን በክር ተንጠልጥሏል። ከውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የድሮ ዋንጫዎች የታጨቁበት የብረት ቁም ሣጥን አለ። ሟቹ በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መካከል በጎናቸው ወድቀዋል። የቁም ሣጥኑ ሹል ጠርዝ ላይ ደም አለ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ የእጅ ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ክበቡ ውስጥ «ባለሰዓቱ» እየተባሉ ነው የሚጠሩት።

ሐኪሙ ተንበርክኮበት ከነበረው ተነሣ። «ከኋላ ነው የተመቱት። ወድቀው ይመስለኛል። ግን ወዲያው አልሞቱም። ሰው ደርሶላቸው ቢሆን ኖሮ...» አልጨረሰውም።

ኢንስፔክተሩ የሟቹን ቀኝ እጅ አየ። የጣቶቹ አንጓ ተላልጧል። ከእጁ አጠገብ ያለው ግድግዳ አዳራሹን ከዚህ ክፍል የሚለየው ነው። ቀለሙ ላይ የጠቆረ ነጥብ ነጥብ አለበት።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። የቼዝ ሰሌዳው ተዘርግቷል፤ ጠጠሮቹ ግን በሣጥናቸው ገብተዋል። የቀሩት ሁለቱ ነገሥታት ብቻ ናቸው። በሰሌዳው እምብርት ላይ በሰያፍ ቆመዋል፤ ነጩም ጥቁሩም የቆሙት ጥቁር ካሬ ላይ ነው። በሰሌዳው ጠርዝ ያሉት ቁጥሮች እንደሚያሳዩት ከሆነ የሟቹ ካፖርት የተሰቀለው ጥቁሩን የሚጫወተው ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነበር።

ሳጅኗ ከበሩ ሆና አጣደፈችው። «ነገሩ ያለቀለት ነው ኢንስፔክተር። ልጅቷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቼዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ትናንት ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ 'አሳፈሩኝ!' ብላ ጮኻባቸዋለች። ዛሬ ደግሞ ጨዋታዋን አቋርጣ ወጥታ ተመልሳለች። ይሄ የልክ ሜትር የእሷ ነው፤ ከወንበሩ ሥር ነው ያገኘሁት።»

«ምን ትላለች?»

«ምንም። ፊቴን ልታጠብ ነው የወጣሁት፣ ሜትሩ ከዙሩ በፊት የካፖርታቸውን ልክ ስወስድ የረሳሁት ነው ትላለች። የትናንቱን ስጠይቃት ዝም።»

ኢንስፔክተሩ መተላለፊያውን አስታወሰ። ሻርፑ ከሥሩ የሸፈነው ካቴና እንደነበር የገባው አሁን ነው። አይቶ አልፏታል። ከአዳራሽ የሚወጣ፣ ወደ አዳራሽ የሚገባ ሁሉ ያያታል።

«ፍቺላት» አለ።

«ብታመልጥስ?»

«እሷን ስትፈቺ ሌላው ሰው ይደነግጣል። ማን እንደደነገጠ ንገሪኝ።»

ማንም አልደነገጠም። ሁሉም ዓይናቸውን ነበር የሰበሩት።

*

መጀመሪያ ያነጋገረው የክበቡን ሰብሳቢ ነው፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ሬሳውን ያገኙትም እሳቸው። ደልደል ያሉ ናቸው፣ መሐረባቸው ረጥቧል።

«ወንድሜን ለምሳ ልጠራው ሄድኩ። ምልክቱን ሳይ ትንሽ አመነታሁ። ከዚያ ከፈትኩ።»

«ከዚያ በፊት የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ።»

ኢንስፔክተሩ የሰውየውን ሱሪ አየ፤ ጉልበታቸው ላይ ነጭ አቧራ አለ። «ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ነገሥታት መሀል ላይ ቆመዋል። ምን ማለት ነው?»

ሰብሳቢው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እ... ጥሩ ጨዋታ ነበር ማለት ነው።»

«ጥሩ ጨዋታ።»

«በጣም ጥሩ» አሉ ሰብሳቢው፤ ላብ አላባቸው።

«ለወንድምዎ ሚስት ተነግሯቸዋል?»

ሰብሳቢው መሐረቡን ፊታቸው ላይ ጫኑት። «እደውላለሁ ብዬ ስልኩን አነሣሁ። ምን ብዬ ልንገራት? የገዛ ክበቤ ውስጥ፣ እኔ እያለሁ... መልሼ ዘጋሁት።»

ዳኛው ደግሞ አነጋገሩ ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ ስለ ነገሥታቱ ሲጠየቅ ሳይደናቀፍ አስረዳ። «ጨዋታ ሲያልቅ ውጤቱን በዚያ እናሳያለን። ሁለቱም ነጭ ካሬ ላይ ከቆሙ ነጭ አሸነፈ፤ ሁለቱም ጥቁር ላይ ከቆሙ ጥቁር አሸነፈ፤ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር ላይ ከሆነ እኩል ወጡ። እኔ ከሩቅ አይቼ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። በእኛ ክበብ ደግሞ ነገሥታቱን የሚያስቀምጠው የተሸነፈው ነው። ባለሰዓቱ ያወጡት ደንብ ነው። 'ሰው ሽንፈቱን በገዛ እጁ ይመን፣ ያኔ ቤቱ ሲገባ አያኮርፍም' ይሉ ነበር።»

«ሁለት ሰዎች ለልምምድ ቁጭ ብለው ጠጠር ሲያገላብጡስ?»

«ኧረ፣ ያኔ ማን ነገሥታት ያስቀምጣል? ውጤት የለማ።»

«ዛሬ ባለሰዓቱ የተጫወቱት ከሒሳብ መምህሩ ጋር ነው አይደል?»

«አዎ፤ ለዋንጫው። መምህሩ እኩል ከወጣ ዋንጫው የእሱ ነው፤ ባለሰዓቱ ካሸነፉ የእሳቸው። ገና ብዙም ሳይጫወቱ በእኩል ተስማሙ። ሁለቱም ወጡ።»

«ጨዋታው ሲቆም ማን በልጦ ነበር?»

ዳኛው ክራቫቱን ነካ። «አላየሁም።»

«የዋንጫውን ጨዋታ? ዳኛው?»

«ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ» አለ ዳኛው፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

ሦስተኛው መምህሩ ነው። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ከሁሉም በኩል ሲታይ ምክንያት የሌለው እሱ ብቻ ነበር፤ ዋንጫው በእጁ ገብቷል፣ ከሟቹ የሚፈልገው ነገር የለም።

«እንደ አባቴ ነበሩ» አለ። «ስንስማማ ጨበጡኝና 'ሂድ፣ ደስ ይበልህ' አሉኝ። ግቢ ወርጄ ዛፉ ሥር ስልክ ሳወራ ነበር። ዘበኛውን ይጠይቁ። ኢንስፔክተር፣ ይህን ያደረገውን ሰው እንዲያገኙልን እለምንዎታለሁ። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼ ዋንጫውን ስቀበል ሊያዩኝ ይመጣሉ። ምን እላቸዋለሁ?»

ዘበኛው መምህሩን ግቢ ውስጥ አይቶታል። ከመቼ ጀምሮ ግን አላስተዋለም።

ልብስ ሰፊዋ መጨረሻ ገባች። ካቴናው የነበረበትን አንጓዋን ታሻለች።

«እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቅሽ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሳልፍ ማስፈታት ነበረብኝ።»

«አይ፣ ግድ የለም።»

«ግድ አለው። እስቲ ስለ ትምህርታችሁ ንገሪኝ፤ ባለሰዓቱ ሲያስተምሩሽ ማን ያሸንፍ ነበር?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ማንም። ጋሼ ከእኔ ጋር ጨርሰው አያውቁም። ልሸነፍ ስል ሰሌዳውን ያዞሩታል። 'በይ አሁን ያንቺ የኔ ሆነ፣ የኔ ያንቺ፤ አድኚኝ' ይሉኛል። አድኛቸው ሳበቃ መልሰው ያዞሩታል። እንዲሁ ስንዞር ይመሻል።»

«ትናንት 'አሳፈሩኝ' ያልሻቸው ለምንድን ነው?»

ፈገግታዋ ጠፋ። «እሱን አልናገርም።»

«ሳጅኗ ልታስርሽ ነው። ካሰረችሽ እኔም ማስለቀቂያ የለኝም። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምንም» አለች፤ እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደርሶ ተንጠባጠበ። አልጠረገችውም።

*

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። ተጫዋቾቹ በየጠረጴዛቸው ናቸው፤ ሰብሳቢው፣ ዳኛው፣ መምህሩና ልብስ ሰፊዋ ግን ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኢንስፔክተሩ የጎን ክፍሉን ሰሌዳ ራሱ ተሸክሞ ገባ፣ በጋዜጣ ሸፍኖታል። ጠረጴዛ ላይ በቀስታ አኖረው።

«ሁላችሁም ዋሽታችሁኛል» ብሎ ጀመረ። «መጀመሪያ ወንጀል የምትደብቁ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ የምትደብቁት ኀፍረታችሁን ነው። ስለዚህ ማን ምን እንዳሳፈረው መለየት ነበረብኝ። ሰብሳቢ፣ ቢሮዎ አልነበሩም። ጉልበትዎ ላይ ያለው የዕቃ ቤቱ ኖራ ነው። ዙር ሲጀመር ዕቃ ቤት ገብተው ወንበሮች መሀል ይደበቃሉ።»

«እኔ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ሰው መጥቶ 'ይህን ጨዋታ እንዴት አዩት' እንዳይልዎ። ቼዝ አይችሉም።»

«ያ ሁሉ የመክፈቻ ንግግር!» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከኋላ። ሰብሳቢው ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ፤ አንገታቸው ትከሻቸው ውስጥ ገባ።

«ነገሥታት ማስቀመጥን የማያውቅ ሰው ጎን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው አይደለም። እሳቸውን ተውናቸው። አሁን ወደ አንቺ፣ እህቴ። ትናንት ባለሰዓቱ አንድ ነገር ነገሩሽ። ዛሬ ለመምህሩ እኩል ሊሰጡት ቃል መግባታቸውን፤ ገና ብዙም ሳይጫወቱ መስማማታቸው ነው ይህን የጠቆመኝ። ለዚህ ነው 'አሳፈሩኝ' ያልሻቸው።»

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «እባክዎ! ሞተዋል እኮ። ስማቸውን እንኳ ይተዉላቸው።»

«እሱን ብተው የምትታሰሪው አንቺ ነሽ።»

«ልታሰር!»

«አትታሰርም» አለ አንድ ድምፅ። ዳኛው ነበር፤ ቆሟል፣ ክራቫቱን ፈትቶ በእጁ ጨብጦታል። «አይቻለሁ። ሲስማሙ ጠረጴዛቸው አጠገብ ነበርኩ። ባለሰዓቱ አሸንፈው ነበር። ሕፃን እንኳ የሚያየው ነው፤ የመምህሩ ንግሥት ተይዛለች፣ ማምለጫ የላትም። እኩል ሲሉ ሰማሁ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሥራዬ ነው። ግን... ደስ የሚል ቀን ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወጥቼ ሲጋራ አጨስኩ። ስመለስ የአዳራሹ የጸጥታ ምልክት ከበሩ ላይ የለም። እሱንም ዝም አልኩ።»

«አመሰግናለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ እውነትም ያመሰገነው ነበር። «እንግዲህ የቀረውን ላስረዳ። የጎን ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ሁለት ነገሥታት መሀል ቆመው አገኘሁ። እናንተው እንዳስተማራችሁኝ ይህ ልምምድ አይደለም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተካሄደ፣ ውጤት ያለው ጨዋታ ነው። ሁላችንም ስናስብ የነበረው ሰው ገብቶ ገፍትሮ ስለመውጣቱ ነው፤ ለዚያ ትንሽ ጊዜ ይበቃል። ጨዋታ ለመጨረስ ግን አይበቃም። ፊቷን ለመታጠብ የወጣች ሴት፣ አንዲት ሲጋራ ያጨሰ ዳኛ አይደርሱበትም። የቀራችሁት ሰሌዳችሁ ላይ ነበራችሁ። ከባለሰዓቱ ጋር ረጅም ጊዜ ሊቀመጥ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጨዋታውን አስቀድሞ ጨርሶ የወጣ።»

ዓይን ሁሉ ወደ መምህሩ ዞረ። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

«ለምን መልሰው ተጫወቱ?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ባለሰዓቱ በሰጡት ነገር አፍረው ነበር። ሽንፈቱን በገዛ እጁ ይመን የሚል ደንብ ያወጣ ሰው ድሉን ደብቆ ሊያድር አልቻለም። መምህሩን ወደ ጎን ክፍሉ ጠሩት። እዚያ የተባባሉትን አላውቅም፤ ግምቴን ግን ልናገር። 'ማንም ሳያየን እውነተኛውን እንጫወት። ብታሸንፈኝ ዋንጫው በሐቅ ያንተ ነው። ብትሸነፍ አብረን ሄደን ለዳኛው እንናገራለን።' ጨዋታው አለቀ። ባለሰዓቱ ጠጠሮቹን ሰበሰቡና ወደ በሩ ተነሡ።»

መምህሩ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «የሚያምር ሐሳብ ነው፣ ኢንስፔክተር። ግን ሐሳብ ነው። ለማረጋገጫ አይሆንም። ነገሥታቱን ማንም ሊያቆማቸው ይችላል። ለብቻቸው ተጫውተውስ እንደሆነ?»

«ልክ ነዎት። ያየ ዓይን የለኝም። ፍርድ ቤት ብንሄድ ይስቁብኛል።» ኢንስፔክተሩ ወደ ዳኛው ዞረ። «እንግዲያውስ ቢያንስ ደንባችሁን እንፈጽም። የተጨረሰ ጨዋታ ውጤቱ ጮክ ተብሎ ይነገራል አይደል? የባለሰዓቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ይንገሩልን።»

ጋዜጣውን አነሣው። ሁለቱ ነገሥታት መሀል ቆመዋል፤ ሁለቱም ነጭ ካሬ ላይ። ሳጅኗ አፏን ከፈተች፤ ኢንስፔክተሩ ሲያያት መልሳ ዘጋችው።

«የሟቹ ካፖርት የተገኘው በጥቁሩ ወንበር ላይ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ።

ዳኛው ሰሌዳውን አየ፤ ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ... ተሸንፈዋል ማለት ነው?»

«አይሸነፉም!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ አውቃቸዋለሁ፣ በጥቁር አይሸነፉም!»

«ይንገሩ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ዳኛው ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘወትር እንደሚያደርገው እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። «የመጨረሻ ጨዋታ፣ በባለሰዓቱና... በአንድ ተጫዋች መካከል። ነጭ አሸ—»

«አይደለም።»

መምህሩ ነበር። የተናገረው ጮክ ብሎ አይደለም። ማንም አላስገደደውም፤ ዝም ቢል ወጥቶ መሄድ ይችል ነበር። ይህንን ራሱም ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል።

«አይደለም» አለ እንደገና። «ጥቁር ነው ያሸነፈው። ነገሥታቱ የቆሙት ጥቁር ላይ ነበር። በእጄ ነው ያቆምኳቸው።» ተነሥቶ መጣና ሁለቱን ነገሥታት አንሥቶ በትክክለኛ ቦታቸው አደረጋቸው። «አንዴ ሰርቄያቸዋለሁ። ሁለቴ አልሰርቃቸውም።»

ኢንስፔክተሩ ድል አልተሰማውም። ይህን ወጥመድ የሠራው ሰውየው ክፉ ነው ብሎ ሳይሆን ክፉ መሆን አይችልበትም ብሎ ነበር።

«ልሂድና ልናገር አሉ» አለ መምህሩ፤ ሰሌዳውን እያየ። «'ና አብረን፣ አትፈር፣ እኔ ነኝ የበለጠ ያጠፋሁት' አሉኝ። እጅጌያቸውን ያዝኩ። ዛሬን ብቻ፣ ነገ እንናገራለን አልኳቸው። ሲያስለቅቁኝ ወደ ኋላ ወደቁ። ልገድላቸው አይደለም።»

«በሕይወት ነበሩ?»

«ያቃስቱ ነበር።»

«ሰው ለምን አልጠሩም?»

«ተማሪዎቼ አበባ ይዘው ይመጣሉ» አለ መምህሩ። «ሳላውቀው የአዳራሹን ምልክት በሩ ላይ ሰቅዬ ወጥቼ ነበር። ግቢ ቆሜ ማንም በሌለበት ስልክ ሳወራ ነበር። ለማንም ሳልደውል።»

«ነገሥታቱን ለምን ሣጥን ውስጥ አልጨመሯቸውም? ሁሉም ይጠፋ ነበር።»

«አስቤው ነበር። እጄ እንቢ አለኝ። እንዴት ብዬ ላንሣቸው? ተሸንፌ ነበር እኮ።»

ሳጅኗ ወደ እሱ ሄደች። እጁን ራሱ ዘረጋላት። ኢንስፔክተሩ ሻርፕ ካለ ይሸፈንለት ብሎ ዞር ሲል ልብስ ሰፊዋ ቀድማ የራሷን አቀበለች። ለምን እንዳቀበለች ከዚያ በኋላም አልገባውም።

መምህሩን ይዘውት ከወጡ በኋላ ሰዎቹ እፎይ ብለው መነሣት ጀመሩ። ወንበር ተንቋቋ።

«ትንሽ ቆዩ» አለ ኢንስፔክተሩ። «የባለሰዓቱ የቀኝ እጅ ጣቶች አንጓ ተላልጧል። ያንን ግድግዳ» በጣቱ አመለከተ፣ «ሲደበድቡ ነበር። ከወዲህ ማን ነበር?»

የተነሡት እንደተነሡ፣ የተቀመጡት እንደተቀመጡ ቀሩ።

«አንድ ነገር ተንኳኩቶ ነበር» አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ቧንቧ የሚጠግን ሰው መስሎኝ... ሰዓቴ እያለቀ ነበር።»

«እኔ ዳኛው ያየዋል ብዬ» አለ ሌላው።

«ሁላችንም ሰምተናል» አለ ሦስተኛው። «ጆሮ ዳባ ልበስ አልን።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን እንደ ተማሪ አነሣች። «እኔ አወቅሁት። ሲያስተምሩኝ ሳስብ ከቆየሁ ጠረጴዛውን እንዲያ ይመቱታል፤ 'ፈጠን በይ' ማለታቸው ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሆነው የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። ተናደድኩ። ደግሞ ጨዋታው ተመችቶኝ ነበር። ከዚያ ድምፁ ሲቆም ነገሩ አልጥም አለኝ፤ ወጣሁ። ፊቴን ለመታጠብ አይደለም። በሩ ድረስ ሄጃለሁ። እጄን እጀታው ላይ አድርጌ ምልክቱን አነበብኩ። ተመለስኩ።»

«ለሳጅኗ ይህን ብትነግሪያት ኖሮ...» ኢንስፔክተሩ አቋረጠ። ብትነግራት ኖሮ ምን? ይህን ከመናገር ካቴናው ይቀልላት እንደነበረ አሁን በዓይኑ እያየ ነው።

*

የሟቹ ሚስት ገና አልሰሙም። ሰብሳቢው ሦስተኛ ጊዜ ስልካቸውን አንሥተው ሦስተኛ ጊዜ ሲያስቀምጡት ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አደረገ። እንዲህ ያለው ወሬ ዞሮ ዞሮ የእሱ ሥራ ነው።

መኪናው ጋ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ቆማ ጠበቀችው።

«እኔ ልንገራቸው።»

«ግዴታ የለብሽም። ቤትሽ ሄደሽ እረፊ።»

«ከሌላ ሰው ከሰሙት ሁለተኛ ፊታቸውን ማየት አልችልም» አለች። «የእኔንም ጭምር ነው የምነግራቸው።»

የባለሰዓቱ ቤት ከአንድ ጠባብ መንገድ ዳር ነው፤ መስኮቱ ላይ ነጭ መጋረጃ አለ፤ ደጃፉ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ኢንስፔክተሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ አንኳኳች፤ የገዛ እጇ ድምፅ አስደንግጧት ክንዷን ወደ ደረቷ ሰበሰበችው።

በሩን የከፈቱት ትንሽዬ አሮጊት ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። ልጅቷን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ከኋላዋ ያለውን ሰው ገና አላዩትም።

«ውይ ልጄ፣ አንቺ ነሽ? እሱስ? አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ወሬውን ይዟል አይደል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምሥጢር እንደሚጠይቅ ሰው ጠጋ አሉ። «ትናንት ማታ ልቡ ታውኮ ነበር፤ ምን ብጠይቀው አልነገረኝም። ንገሪኝ እስቲ፤ አሸነፈ?»

ኢንስፔክተሩ ሊቀድማት አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ።

«አዎ እማማ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አሸንፈዋል። በጥቁር ነው ያሸነፉት።»

«አላልኩም!» አሉ ሴትዮዋ፣ እጃቸውን አጨብጭበው።

«እማማ» አለች ልጅቷ። «ገብተን እንቀመጥ። ሌላም የምነግርዎት አለ።»